መርዶውን የነገረው ማን ነው

ፒቦዲ፣ ማሳቹሴትስ
ኦክቶበር 12 ቀን 1952

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ስታማቲያ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ሳይነፍግዎ፣ ወይራዎችዎም ፍሬያቸውን ሳይሰስቱብዎ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍሮ ቲማቲም ተክሎባታል። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ሲቆጣጠር እንደኖረው አሁን ቲማቲሞቹን ይቆጣጠራል። ጎንበስ ያለውን ግንድ «ቀጥ በል፣ ደመወዝ ትበላ የለም እንዴ?» ሲለው ሰምተው ጎረቤቶቻችን ስቀዋል። ሰላም በልልኝ ብሏል። እንደ ወትሮው ራሱ አልጻፈም።

የምሥራች ልንገርዎት። ቦስተን ውስጥ አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት ተውኔቴን ተቀብሎልኛል። መቶ ሃያ ወንበር ነው ያለው። ቀድሞ የፈረስ ጋጣ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ሽታው ይመለሳል። ቢሆንም ቲያትር ቤት ነው።

እዚህ አገር ጸሐፊው ሁሉ የእኛን የጥንት ግሪኮች የሐዘን ተውኔት እየቆፈረ ነው። ድሮ የሚወድቀው ንጉሥ ነበር፤ አሁን የሚወድቀው ምሳውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ሆኗል። ነገሩ ግን ያው ነው፦ አንድ ደህና ሰው በገዛ እልሁ የማይመለስ ነገር ያደርጋል፣ ለዓመታት ተሸክሞት ይኖራል፣ አንድ ቀን ይወጣበታል። የእኔ ተውኔት ስለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ፎርማን ነው። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ጥንቱ ተሰብስበው ነገሩን እየተቀባበሉ ይናገሩበታል።

ችግሩ አዘጋጃችን ሚስተር ብራንት ነው። ሴቶቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ግድግዳ ተደግፈው እንዲሰለፉ አደረጋቸው፤ ክትባት የሚጠብቁ መሰሉ። ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። በአገራችን በማኒ ምድር ከእርስዎ የተሻለ ሙሾ አውራጅ እንደሌለ አባቴ ይናገራል። እባክዎ ይጻፉልኝ፤ ሴቶቹ የት ይቀመጣሉ? አንዷ ስትጨርስ ለሌላዋ እንዴት ታቀብላለች?

እጅዎን እስማለሁ።
ላምብሮስ

ፒርጎሊ፣ ማኒ
ኖቬምበር 25 ቀን 1952

ለወንድሜ ልጅ፣ ላላየሁትና ለምወደው ለላምብሮስ፣

የመላእክት አለቃ ክንፉ ረጅም ነውና ከባሕር ማዶም ቢሆን ይሸፍንህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ወይራ ለቀማ ላይ ነው። ፖስተኛው ዛፉ ሥር ድረስ መጥቶ አቀበለኝ፤ እኔም መሰላሉን ያዝልኝ ብዬ ግማሽ ቀን አሠራሁት።

እንዴት አድርገህ አሳቅኸኝ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግራችሁ፣ ቲያትር ቤት ከፍታችሁ፣ ለቅሶ የሚያስተምራችሁ አጣችሁ? እሺ፣ ስማኝ።

መጀመሪያ ነገር አታሰልፋቸው። ሴት ለቅሶ ስትመጣ ተራ አትይዝም። ለሟቹ ቅርብ የሆነችው ራስጌው ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ እንደ ቅርበታቸው። ማን የት እንደተቀመጠ አይቶ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል። አውራጇ ስትጨርስ ሟቹን ዳሰስ ታደርግና አንዷን ታያታለች፤ ያየቻት ትቀበላለች። መቀበል ማለት መድገም አይደለም። ትጨምራለች፣ ታርማለች፣ ትሟገታለች። ሙሾ ምስጋና ብቻ መሰለህ? የታችኛው ሰፈር ዲካዮስ የሞተ ዕለት «ሚስቱን ይመታ ነበር» ብዬ ነው የጀመርኩት። ወንድሞቹ ከንፈራቸውን ነከሱ እንጂ ቃል አልተነፈሱም፤ ለቅሶ ላይ ያለች ሴት አትቋረጥም። ሴቶችህ ይህን ይወቁ። ሁሉን አይተዋል፣ ምንም አላስቆሙም። የሚያስለቅሳቸው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሟቹ ሲሞት አታሳየን። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ያየ ማን አለ? አንዱ ባሕር ላይ፣ አንዱ ተራራ ላይ በጥይት፣ አንዱ አሜሪካ። እኛ የምናየው መርዶ ነጋሪውን ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜህን ሙሉ ሟቹን የምታየው እሱ ባወራልህ ዓይን ነው።

የአጎትህ የኢልያስ መርዶ የመጣው በደብዳቤ ነበር። አንተ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ። የጻፈው አባትህ ነው፤ በሳንባ ምች፣ በሰባተኛው ቀን፣ እጁን እንደያዝኩት አለ። እኔም አስከሬን በሌለበት አልጋ ላይ ሸሚዙን ዘርግቼ በዚያው ቃል አወረድኩለት። «ባዕድ አገር ቢሆንም ወንድሙ እጅ ላይ» አልኩ። ይኸው በየሙት ዓመቱ እላታለሁ፤ ያኔ ያልተወለዱት እንኳ በቃላቸው ይዘዋታል።

በተውኔትህ የሚሞተው ማን ነው? መርዶውንስ የሚናገረው ማን ነው? ጻፍልኝ። ዓይኔ ደክሟልና የንባብ መነጽር ብትልክልኝ እመርቅሃለሁ። ባትልክም እመርቅሃለሁ፤ ግን አጠር አድርጌ።

አክስትህ ስታማቲያ

ፒቦዲ
ጃኑዋሪ 18 ቀን 1953

ለተከበሩ አክስቴ፣

አዲሱ ዓመት ከነበረከቱ ደጅዎን አንኳኩቶ ይግባ። መነጽሩን ለብቻው ጠቅልዬ ልኬዋለሁ፤ ካልሆነዎት እንለውጠዋለን።

ያሉኝን ለሚስተር ብራንት ነገርኩት። ሴቶቹን ከግድግዳው አንስቶ ጠረጴዛው ዙሪያ እንደየቅርበታቸው አስቀመጣቸው፤ መድረኩ ነፍስ ገባበት። ከሴቶቹ አንዷ ወይዘሮ ቲርኒ ናቸው፤ አየርላንዳዊት ናቸው፣ ባላቸው እዚሁ ከተማ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ከዚህ በፊት መድረክ ረግጠው አያውቁም፤ እስካሁንም ለቡና ሰዓት እንደመጡ እንጂ ለቲያትር እንደመጡ አያምኑም።

ጠቡ የመጣው በእሳቱ ላይ ነው።

«ተመልካቹ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ እሳቱን ሳያይ ወደ ቤቱ ይሂድ?» አለኝ ብራንት።

«አዎ፣ ይሂድ።»

«ትንሽ ጭስ ብቻ። አንድ ቀይ መብራት።»

«ጭስም የለም፣ መብራትም የለም። ሰው መጥቶ ይናገራል።»

«ግሪኮች ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ ወይስ እኔን ብቻ ነው የገጠመኝ?»

ይሄኔ ወይዘሮ ቲርኒ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «እኔ የባሌን ሞት የሰማሁት ድንች ስልጥ ነው» አሉ። «መብራት ያበራልኝ የለም። ድንቹን ግን ልጬ ጨረስኩት።» ብራንት ቀዩን መብራት ከነገመዱ አስነሳው።

የሚሞተው ማን ነው ብለውኛል። አንድ ሠራተኛ ነው። የፎርማኑ ዘመድ ነው። መርዶውን የሚናገረው ከእሳቱ የተረፈ አንድ ቆዳ አድራቂ ነው። ገና እያስተካከልኩት ስለሆነ ከዚህ በላይ አልልም።

አባቴ ደህና ነው፤ በመስኮት በረዶውን እያየ ቲማቲሞቹን ይናፍቃል።

ላምብሮስ

ፒርጎሊ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1953

ላምብሮስ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለቤትህ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ በደንብ ያሳያል።

እሳት ብለህ ጽፈሃል። በመጀመሪያው ደብዳቤህ እሳት የሚል ቃል አልነበረም። በዚህኛው የሚሞተው የፎርማኑ ዘመድ ነው ብለህ ዘጋኸው። አንተ ወሬ ስትጽፍ የምትዘጋ ሰው አይደለህም፤ ስለ ፈረስ ጋጣ ሽታ እንኳ ጽፈህልኛል።

አባትህ ፎርማን ነበር። ነፍሷን ይማርና እናትህ በአንድ ደብዳቤዋ ግርጌ «ከቃጠሎው ወዲህ ፒዬሮስ እንቅልፍ የለውም» ብላ ጽፋ በላዩ ላይ ሰርዛበት ነበር። የሳንባ ምቹን ትኩሳት ማለቷ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ስለ ተውኔቱ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ የወንድሜን ነው። ለእኔ መርዶውን የነገረኝ ማን ነው? እውነቱን የነገረኝስ አለ?

ስታማቲያ

ፒቦዲ
ማርች 9 ቀን 1953

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። እግዚአብሔር ብርታቱን ለእርስዎም ለእኔም ይስጥ።

አጎቴ ኢልያስ በሳንባ ምች አልሞተም። በጃኑዋሪ 1926 አባቴ ፎርማን በነበረበት ቆዳ ፋብሪካ፣ ማድረቂያው ክፍል በእሳት ተያያዘ። ክፍሉ ሁለት በር ነበረው። ሠራተኞቹ በጓሮው በር እየሾለኩ ሲጋራ ያጨሱ ስለነበር አባቴ በሩን ቆልፎት ነበር። ለዘመዱ አደላ እንዳይባል ከሁሉም በላይ የሚቆጣው አጎቴን ነበር። እሳቱ የተነሳው በፊት ለፊቱ በር በኩል ነው። ሰባት ሰዎች እሳቱን ዘለው ወጡ። አጎቴና አንድ ፖላንዳዊ ወደ ጓሮው ሮጡ። ቁልፉ አባቴ ካፖርት ኪስ ውስጥ፣ ካፖርቱም ቢሮ ተሰቅሎ ነበር። አምጥቶ እስኪከፍት ጊዜው አለፈ።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት። አባቴ ማወቄን አያውቅም። ተውኔቱም ስለ ሠራተኛ ማኅበር ይመስለዋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በተውኔቱ ውስጥ በሩ እንዲቆለፍ የሚያዘው የፋብሪካው ባለቤት ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አባቴን ለማዳን ይሁን የአባቴ ልጅ የሆንኩትን ራሴን ለማዳን አላውቅም።

ይቅር ይበሉኝ።
ላምብሮስ

ፒቦዲ
ኤፕሪል 14 ቀን 1953

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን እለምናለሁ። ፋሲካም መጥቶ አለፈ፤ የእርስዎ ቡራኬ አልደረሰኝም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አባቴ «ስታማቲያ ምነው ዘንድሮ ዝም አለች?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል አልኩት። የመጀመሪያው ትርዒት እሑድ ሜይ 10 ከሰዓት በኋላ ነው። ካዘዙኝ አስቀረዋለሁ። አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ላምብሮስ

ፒርጎሊ
ኤፕሪል 27 ቀን 1953

ልጄ ላምብሮስ፣

ከሙታን የተነሣው እርሱ ልብህን ያንሣልህ። ቡራኬዬ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለፋሲካ እንቁላሉን ቀይ ቀባሁት እንጂ አልቀመስኩትም። ከዚያ ካሊሮይን ጠራኋት። አታውቃትም። ኢልያስ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቃል የገባላት ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመት ጠበቀችው። መርዶው ሲመጣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባች፤ እሱም ሞተ፤ አሁን ከእኔ ሦስተኛው ቤት ናት።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«ማን ሞተ?»

«ኢልያስ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ኢልያስማ ድሮ ሞቷል።»

«እንደገና ሞተ» አልኳትና ደብዳቤህን አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ወጥታ ሄደች። ሁለት ሳምንት ደጄን አልረገጠችም።

ወንድምዎን ረገሙት ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ረገምኩት። እኔ ነኝ ያንን ውሸት ዜማ ሰጥቼ ለአገር ያስተማርኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ያን የድሮ ደብዳቤውን አውጥቼ በአዲሱ መነጽር አየሁት። «እጁን እንደያዝኩት» የምትለው ላይ ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል። ምነው ይዤው በነበር ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ለእኔ የጻፈልኝ ምኞቱን ነው። ከዚያ በኋላ መርገሙ አልሆነልኝም።

ትርዒቱን አስቀረዋለሁ ያልከውን ተወው፤ አታስቀርም። ግን በአዳራሹ ያለው ሁሉ እያወቀ ባለጉዳዩ ብቻ ሳያውቅ ገብቶ መቀመጡ ለተውኔት ያምር ይሆናል፣ በአባት ላይ ነውር ነው። አስቀድመህ ንገረው። ስታማቲያም ታውቃለች በለው። አልረገመችህም በለው፤ ሁለቱን ቀን አትንገረው።

አክስትህ ስታማቲያ

ፒቦዲ
ሜይ 12 ቀን 1953

ለምወድዎት አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰኝ፤ በማግስቱ ትርዒት ነው። አባቴ ጓሮ ሆኖ ለችግኞቹ ድጋፍ እንጨት ይተክል ነበር። ያሉኝን ሁሉ ነገርኩት። እንጨቱን ይዞ ቆሞ ሰማኝ።

«እናትህ ናት የነገረችህ?» አለ።

«አዎ።»

«ስታማቲያስ?»

«ታውቃለች። አልረገመችህም።»

«ትረግማለች እንጂ፤ እህቴን አውቃታለሁ» አለና እንጨቱን በመዶሻ መታው። እንጨቶቹን ሁሉ ተክሎ ሲጨርስ «ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ከፊት ወንበር ይዤለት ነበር፤ እምቢ ብሎ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የተረፈው ሠራተኛ ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ። እሳቱን ተናገረ፣ ወደ ጓሮው መሮጣቸውን ተናገረ። «በሩ ተቆልፎ ነበር» አለ። «ፎርማኑ ምን ያድርግ? ጌታው አዞታል።»

«ማንም አላዘዘኝም» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አባቴ ቆሞ ነበር። አልጮኸም፤ የተሳሳተ ሒሳብ እንደሚያርም ሰው ነው የተናገረው። ተዋናዩ ቃሉ ጠፋበት። ብራንት ከመጋረጃው ጀርባ መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ አየሁት። ይሄኔ ወይዘሮ ቲርኒ ከጠረጴዛቸው ዞር ብለው አባቴን አዩት። እንዳሉኝ ነው አክስቴ፤ አንዷን አይታ ታቀብላለች እንዳሉኝ።

«እንግዲያው አንተ ንገረን» አሉት።

አባቴም ነገራቸው። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ሲቸግረው በእኛው ቋንቋ። ሲጋራውን፣ ቁልፉን፣ ካፖርቱን። «ሥራ አክባሪ ነበርኩ። ለወንድሙ አላላለት እንዳይሉኝ ፈራሁ። አስቤ ነው የቆለፍኩት» አለ። መቶ ሃያው ሰው ዞሮ ያየዋል። ሲጨርስ ተቀመጠ። ወይዘሮ ቲርኒ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው የራሳቸውን ቃል ቀጠሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው፤ ተውኔቱ እስከ መጨረሻው ሄደ።

የጌታው ትዕዛዝ ያለበትን መስመር በዚያው ቀን ሰረዝኩት። አንዳንድ ሰው ያ ሽማግሌ ተዋናይ ነው ብሎ አስቧል፤ ብራንት በየቀኑ እንዲመጣ ልለምነው ሲለኝ ልመታው ምንም አልቀረኝ። በኋላ ራሱ አፍሮ አባቴን ይቅርታ ጠየቀው።

መኪና ውስጥ ሆነን አባቴ «ልጄ፣ ደህና ጽፈሃል» አለኝ። «ግን ሰው ምን ያድርግ አትበል። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።» ደግሞም ወደ ግሪክ ወደብ ወደ ፒሬዎስ የሚሄደው መርከብ መቼ መቼ እንደሚነሳ ጠየቀኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቆ አያውቅም። በጁላይ መጨረሻ ይሳፈራል። ይቀበሉታል?

ላምብሮስ

ፒርጎሊ
ኦገስት 30 ቀን 1953

ልጄ ላምብሮስ፣

መርከቡን በሰላም ያደረሰውን አምላክ እያመሰገንኩ እጽፍልሃለሁ። አባትህ ደህና ገብቷል። ከአውቶብስ ሲወርድ መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ አባቴ ከመቃብር የተነሳ መሰለኝ። እሱ ግን አወቀኝና «አጠርሽ» አለኝ። «አንተ ሰፋህ» አልኩት። ከዚያ ሻንጣውን ተቀበልኩት።

ሦስት ቀን አሳረፍኩት። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ጥላው ላይ ተቀምጠው ሳለ ራሱ ሄዶ ፊታቸው ቆመ። እኔ አልላክሁትም፤ አልከለከልኩትምም። ባርኔጣውን አወለቀና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። የእኔን ሙሾ ለሃያ ሰባት ዓመት የተቀበሉ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እኔን ነበር የሚያዩት። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

ካሊሮይ ጥግ ላይ ነበረች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ መሃል አቁማ። ከፋሲካ ወዲህ ስለ ነገሩ ከእኔ ጋር አንድም ቃል አልተነጋገረችም። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ጠራህ?» አለችው።

አባትህ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። ይህን ለአንተም ለማንም የነገረ አይመስለኝም።

«ጠራኝ» አላት። «ፖላንዳዊው በር፣ በር ይል ነበር። ኢልያስ ግን ፒዬሮ፣ ፒዬሮ ነበር የሚለው። ሲያላግጥ የሚጠራኝ ስም ነው። እንደምከፍትለት አልተጠራጠረም።»

ካሊሮይ ራሷን ነቀነቀች። እንባ አላየሁባትም።

«የሳንባ ምቹ ሰው ማን እንደሆነ ገርሞኝ ነው የኖርኩት» አለች። «ኢልያስ ሰባት ቀን ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው አልነበረም። አልቅሺለት ይሉኛል፤ የማላውቀውን ሰው ነበር የማለቅሰው። ይሄኛውን አውቀዋለሁ።»

ከዚያም ምርኩዟን አንስታ ወደ ግንቡ ጠጋ አለችለት።

«ፀሐይ ላይ አትቁም ፒዬሮስ» አለችው። «እዚህ ጋ ተቀመጥና ስለ እሱ ንገረኝ። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ምን ይመስል ነበር?»

አክስትህ ስታማቲያ